አባባ ያጠናከሯት መኪና

ይድረስ ለማከብርዎና ለምወድዎ አባቴ፤

ሰላምታዬ በጋራዡ በር ገብቶ፣ በሞርሳው ጠረጴዛ አጠገብ አልፎ እርስዎ ካሉበት ይድረስ። እንዴት ሰነበቱ አባባ? ጤናዎ እንዴት ነው? ወገብዎስ ተሻለዎት ወይስ አሁንም ከመኪና ሥር ሲወጡ ግድግዳ ይዘው ነው የሚነሱት? ዓይንዎስ? መነጽሩን ያደርጉታል ወይስ እንደ ድሮው ግንባርዎ ላይ ሰቅለው ቤተሰቡን ሁሉ ፍለጋ ያሰማራሉ? እማዬ እንዴት ናት? ስኳሯን በየጠዋቱ ትለካለች ወይስ ደህና ነኝ እያለች ትሸውዳችኋለች? ታናሽ እህቴ ከሥራዋ ጋር እንዴት ናት? ልጇ ሚጡስ አደገች? የወለቁት የፊት ጥርሶቿ በቀሉላት? የጋራዡ ቀለም ቀቢያችንስ አሁንም ሲያፏጭ ይውላል? ሁላችሁም ደህና ከሆናችሁልኝ ደስታዬ ወደር የለውም።

እኔ በጣም ደህና ነኝ፤ አታስቡ። ሁለት ሳምንት ጉንፋን ይዞኝ ድምፄ እንዳለቀ ፍሬን ሲፋጭ ነበር፤ አሁን ለቆኛል። ክፍሌ ያችው ሦስተኛ ፎቅ ላይ ያለችው ናት። አልጋ፣ ጠረጴዛና አንድ ወንበር አለኝ፤ እንግዳ ሲመጣ ወንበሩን ለእንግዳው ለቅቄ አልጋው ላይ እቀመጣለሁ። መስኮቴ የሚያሳየው የፋብሪካውን መኪና ማቆሚያ ነው። እርስዎ ቢኖሩ ቀኑን ሙሉ እዚያ ቆመው የትኛው መኪና በሩ በደንብ እንዳልገጠመ ሲቆጥሩ ይውሉ ነበር።

የዛሬውን ደብዳቤ እንደ ወትሮው እህቴ ታንብብልኝ እንዳይሉ። መነጽርዎን ከግንባርዎ አውርደው ብቻዎን ያንብቡት፤ ጉዳዩ የእርሷ መኪና ነው። ባለፈው ወር በስልክ ልነግርዎ ጀምሬ ነበር። ገና የፊቱ ብረት ብዬ አፌን ስከፍት፣ እንግዲህ ደግሞ ብረት ልታስተምሪኝ ነው ብለው ሳቁና ስልኩን ለእማዬ ሰጡብኝ። እማዬም ስለ ጉንፋኔ ጠየቀችኝና ነገሩ በዚያው ቀረ። ደብዳቤ መሃል ላይ አይቋረጥም ብዬ ነው መጻፌ። ቢናደዱብኝም አስቀምጠውት ሲበርድልዎ መልሰው ያነሱታል።

ዋናውን ነገር ሳላድበሰብስ ልናገር። እርስዎ ያስገቡት ብረት እስኪወጣ ድረስ እህቴና ሚጡ በዚያች መኪና መሄድ የለባቸውም። ይህን ለእርስዎ መጻፍ እንዴት እንደከበደኝ የማውቀው እኔ ነኝ። መኪናዋን አጠናከርኩላት ብለው ሦስቱን ፎቶዎች የላኩልኝ ጊዜ ለሥራ ባልደረቦቼ ሁሉ እየዞርኩ አሳይቻለሁ፤ የአባቴ እጅ ሥራ ነው እያልኩ። ያኔ አላወቅሁም ነበር። አሁን ያወቅሁትም በራሴ ጥፋት ስለሆነ ከራሴ ብጀምር ይሻላል።

መጀመሪያ የተመደብኩት መኪና በሚገጣጠምበት ሳይሆን በሚጋጭበት አዳራሽ መሆኑን ነግሬዎታለሁ። እማዬ ይህን ስትሰማ፣ ሰው የለፋበትን አዲስ መኪና እየሰበራችሁ ነው ደሞዝ የሚከፈላችሁ ብላ ተገርማ ነበር። አዳራሹ ረጅም ነው፤ ጫፉ ላይ ቤት የሚያህል የሲሚንቶ ግድግዳ ቆሟል። መኪናዋ በገመድ ተጎትታ በፍጥነት ትመጣና ግድግዳውን ትመታለች። ውስጧ የሰው ክብደት ያላቸው አሻንጉሊቶች ቀበቶ ታጥቀው ይቀመጣሉ። የጎድን አጥንታቸው ብረት ነው፤ ደረታቸውና አንገታቸው ውስጥ ምን ያህል ኃይል እንዳረፈባቸው የሚቆጥር መሣሪያ አለ። ሾፌር ሆኖ የሚቀመጠውን «ጭምቱ» ብዬ ስም አውጥቼለታለሁ። በየሳምንቱ ከግድግዳ ጋር እየተላተመ አንድ ቀን አማርሮ አያውቅም። እሱን ማዘጋጀት የእኔ ሥራ ነበር፤ ግንባሩን ሰማያዊ፣ ጉልበቱን አረንጓዴ ቀለም እቀባው ነበር። ከግጭቱ በኋላ ቀለሙ የት እንደታተመ ታይቶ የትኛው አካሉ ከምን ጋር እንደተጋጨ ይታወቃል። ቀለም ቀቢያችን ቢያየኝ እንዴት እንደሚስቅብኝ እያሰብኩ ነበር የምቀባው።

ከአዳራሹ ውጪ ደግሞ ግጭቱ ራሱ እንዳይደርስ የሚሠሩ አሉ። መኪናዋ ከፊቷ ሰው ስታይ ሾፌሩ ባይረግጥም ራሷ ፍሬን ትይዛለች። ይህን የሚፈትኑት በገመድ እየተጎተተ መንገድ በሚያቋርጥ የጨርቅ ሰው ነው። አንድ ቀን ቆሜ ሳይ ሰውዬው ሁልጊዜ ባዶ እጁን፣ ቀጥ ብሎ ነው የሚያቋርጠው። እኛ ሰፈር እንዲህ ተዝናንቶ የሚሻገር ሰው የለም አልኳቸው፤ እናቴ ከገበያ ስትመለስ በጀርባዋ ተሸክማ፣ ጎንበስ ብላ ነው የምትሻገረው። ሳቁብኝ፤ ቢሆንም ጥቅል አሸከሙት፣ ወገቡንም አጎበጡት። መኪናዋ ሰው መሆኑን አላወቀችም፤ ሳታመነታ ገጨችው። የዚያን ጊዜ የሳቀ ሰው አልነበረም። ሰባት ሳምንት ሙሉ መኪናዋ የምታይበትን ካሜራ ሲያስተምሩት ቆዩ፤ አሁን ጎንበስ ያለውንም የተሸከመውንም እያየች ትቆማለች። ለእማዬ ይንገሩልኝ፤ በጀርባዋ ምክንያት ስንት መሐንዲስ እንቅልፍ አጥቶ ነበር ይበሏት።

ወደ ጥፋቴ ልመለስ። በመጣሁ በሦስተኛው ወር አንዲት አዲስ ሞዴል ለግጭት ስትዘጋጅ የፊት ባምፐሯ ተነስቶ ነበር። ከፊት ወደ ኋላ ከሚሄዱት ሁለት ወፋፍራም ብረቶች የግራው ጎኑ ላይ ጣት የሚያስገባ ስርጉድ አየሁ። የቀኙ በሽቦ ተሸፍኖ ስለነበር አልታየኝም። በጭነት ሲመጣ የተመታ መሰለኝ። እርስዎ ያሳደጓት ልጅ የተጎዳ ብረት አይታ ዝም ብላ ታልፋለች? መዶሻ አመጣሁ፣ ከጀርባው መደገፊያ ብረት ያዝኩ፣ እንዳስተማሩኝ ከዳር ወደ መሃል በትንሽ በትንሹ እየመታሁ አቀናሁት። ስጨርስ እጄን ባሳልፍበት እንደ ብርጭቆ ለስልሷል። ማንም ሳያዘኝ በመሥራቴ ኩራት ብጤም ተሰምቶኝ ነበር።

በማግሥቱ መኪናዋ ከግድግዳው ጋር ተጋጨች። ካሜራ ያነሳውን ቀስ አድርገው ሲያሳዩን የቀኙ ብረት እንደ አኮርዲዮን እጥፍጥፍ አለ፤ የግራው እንደ ምሰሶ ቀጥ ብሎ ቀረ። ያልታጠፈው ብረት የግጭቱን ኃይል እንዳለ ወደ ውስጥ አሳለፈው። መሪው ወደ ኋላ ተገፋ፣ የጭምቱ የግራ ጎድኖች ተጣመሙ። የመሣሪያው ቁጥር ሲነበብ ሰው ቢሆን ኖሮ አይተርፍም ነበር ተባለ። ያ ስርጉድ ጉዳት አልነበረም አባባ። ብረቱ መታጠፍ ከዚያ እንዲጀምር ሆን ተብሎ የተበጀ ነው። ቦታውን ለመምረጥ መሐንዲሶቹ ሁለት ዓመት ፈጅቶባቸዋል፤ እኔ በግማሽ ሰዓት ደመሰስኩት።

አለቃችንን በሌሉበት «ሚሊሜትር» ነው የምንላቸው፤ ሻይ እንኳ ሲቀዱ ለክተው ነው። ብረቱን በጣታቸው ዳሰሱና ማን እንደነካው ጠየቁ። እጄን አወጣሁ። በሐሳቤ ሻንጣዬን ሸክፌ ጨርሼ ነበር። በደንብ ተቆጡኝ፣ አልደብቅዎትም። ቁጣቸው ሲበርድ ግን መኪናዋን አሥራ አንድ ሰው ፈትሿት ስርጉዱ መጥፋቱን አንድም ሰው እንዳላየ ነገሩኝና፣ ይህን እጅ ማን አስተማረሽ አሉኝ። አባቴ ነው አልኳቸው። ከእንግዲህ ለምን እንደተሠራ ሳትጠይቂ ምንም ነገር እንዳታቀኚ ብለው፣ ብረት በእጅ የሚያውቅ ሰው ወደሚፈለግበት ሌላ ክፍል አዛወሩኝ።

አዲሱ የሥራ ክፍሌ ለእሳት አደጋና ለአምቡላንስ ሠራተኞች የሚሆን ወረቀት የሚዘጋጅበት ነው። ለእያንዳንዱ ሞዴል አንድ ገጽ አለ። መኪናዋ ከላይና ከጎን ትሳላለች፤ ባትሪው የት እንዳለ፣ የትኛው ሽቦ ቢቆረጥ ኤሌክትሪኩ እንደሚጠፋ፣ ኤርባጉን የሚነፋው ጋዝ የት እንደተደበቀ፣ ብረት የሚቆርጠው ትልቁ መቀስ የት መግባት እንዳለበትና የት ዝር እንዳይል በቀለም ይለያል። አዳዲሶቹ መኪናዎች ሲጋጩ ራሳቸው ደውለው ያሉበትን ቦታ ይናገራሉ፤ ሠራተኞቹም ገና መንገድ ላይ ሳሉ በሰሌዳው ቁጥር ወረቀቱን ያወጡታል። አሮጌዎቹ ይህ የላቸውም። ለእነሱ ወረቀቱ ታትሞ ከሾፌሩ ራስ በላይ ባለው የፀሐይ መከላከያ ጀርባ ይሰካል። የእህቴ መኪና የእኛው ፋብሪካ የድሮ ሥራ ስለሆነች የእርሷም ወረቀት መደርደሪያችን ላይ አለ።

በየወሩ የእሳት አደጋ ሠራተኞች ወደ ግቢያችን መጥተው የተጋጩትን መኪናዎች እየቆረጡ ይለማመዳሉ። እኛ አጠገባቸው ቆመን ወረቀቱ ያስቸገራቸውን ቦታ እንጽፋለን። መሪያቸው ትከሻዋ ሰፊ፣ ብዙ የማትናገር ሴት ናት። ባለፈው ከፋብሪካው መኪናዎች ሌላ ከአንድ ሰው የተገኘች አሮጌ መኪና ተሰጠቻቸው፤ ያረጀ አሻንጉሊት ሾፌር አድርገን አስቀመጥንበት። የበሩን ምሰሶ እንደ ሁልጊዜው በሰባት ደቂቃ እንጨርሳለን ብለው መቀሱን ወረቀቱ ባሳየው ቦታ አስገቡ። አልቆርጥ አለ። የመቀሱ ስለት ተሸረፈ። ሌላ መቀስ አምጥተው ዝቅ ብለው ሞከሩ፤ ያም እምቢ አለ። ኋላ ፈልፍለው ሲያዩት ምሰሶው ውስጥ ከላይ እስከ ታች የብረት ቧንቧ ተበይዶበታል። ሃያ ስድስት ደቂቃ ፈጀባቸው። መሪዋ ሰዓቷን አየችና ይህ ሰውዬ ሞቷል አለች። ከዚያ ጓንቷን አውልቃ ብየዳውን እየዳሰሰች፣ ይህን የሠራው ሰው እዚህ የሚቀመጠውን ሰው ይወደው ነበር አለችኝ። የእርስዎ ፎቶዎች ኪሴ ውስጥ ስልኬ ላይ ነበሩ።

ከሥራ ወጥቼ ገበያ ስሄድ አውቶቡስ ውስጥ ተቀምጬ አጉልቼ አየኋቸው። በመጀመሪያው ፎቶ ሁለቱም ስርጉዶች ተሞልተው በላያቸው ወፍራም ላሜራ ተበይዷል። በሁለተኛው ከግራ ወደ ቀኝ የሚሄድ ብረት ተጨምሯል። በሦስተኛው የሾፌሩ በር ተከፍቶ ምሰሶው ውስጥ የገባው ቧንቧ ጫፉ ይታያል፤ ሚጡ ኮፈኑ ላይ ተቀምጣ ትስቃለች፣ እርስዎ አጠገቧ ቆመዋል። ብየዳው ያምራል። የእርስዎ መሆኑን ማንም ሳይነግረኝ አውቀዋለሁ። እኔ አንዱን ስርጉድ ነበር ያጠፋሁት፤ እርስዎ ሁለቱንም አጥፍተው ቧንቧውን ጨመሩበት። የምወርድበት ፌርማታ አለፈኝ።

ለምን እንዳደረጉት አውቃለሁ አባባ። አጎቴን ከመኪናው ውስጥ በእጅዎ ያወጡት እርስዎ ነዎት። ስለዚያ ቀን አንድ ጊዜ ብቻ ነው ያወሩን፤ ኮፈኑ ታጥፎ ደረቱ ድረስ ገብቶ ነበር አሉን። ከዚያ ወዲህ አዲስ መኪና ባዩ ቁጥር በጣትዎ መታ መታ አድርገው «ቆርቆሮ!» ይላሉ፤ ከአፍዎ የሚወጣ ከዚህ የባሰ ስድብ ሰምቼ አላውቅም። የአጎቴ መኪና ግን የት መታጠፍ እንዳለባት ቀድሞ ያሰበላት ሰው አልነበረም፤ ፊቷም የሰው መቀመጫዋም አብረው ነው የታጠፉት። የእህቴ መኪና ፊቷ እንዲታጠፍ፣ እህቴ ያለችበት ክፍል ደግሞ እንዲጸና ተብላ ነው የተሠራችው። የግጭቱ ጉልበት አንድ ቦታ ማለቅ አለበት፤ ብረቱ ካልጨረሰው የሚጨርሰው የሰው ደረት ነው። እርስዎ የበየዱት ያንን ቀን ደግመው ላለማየት ነው። እኔም የምጽፍልዎ ለዚሁ ነው። ፈርቻለሁ አባባ፤ ከቤት ስልክ በተደወለ ቁጥር መጀመሪያ የምጠይቀው እህቴ የት ናት ብዬ ነው።

ለእህቴ ለራሷም ደውዬላታለሁ፤ አልደብቅዎትም። በየጠዋቱ ሚጡን ትምህርት ቤት አድርሳ ከጤና ጣቢያ ጤና ጣቢያ ለማዋለድ ስትሮጥ የምትውልበት መንገድ ምን ዓይነት እንደሆነ እርስዎም ያውቁታል። ሳቀችብኝ። አባባ ታንክ አድርገውልኛል፣ ከአንቺ ፋብሪካ የአባባን እጅ አምናለሁ አለችኝ። ብለምናት፣ ብቆጣት፣ ስለ ጭምቱ ብነግራት ወይ ፍንክች። ልጅ እያለን የጋራዡን መሰላል ወጥታ እርስዎ ዝለይ ሲሏት ዓይኗን ጨፍና ነበር የምትዘለው፤ እኔ በእግሬ ነበር የምወርደው። ዛሬም ያችው ናት። ከዚያች መኪና ሊያስወርዳት የሚችለው የእርስዎ ቃል ብቻ ነው።

እባክዎ ቁልፉን ዛሬውኑ ይቀበሏት። ምን ብለው እንደሚነግሯት እርስዎ ያውቃሉ፤ የሚስተካከል ነገር አለ ቢሏትም ይበቃል፣ እኔ ከእንግዲህ ከዚያ ያለፈ አልተነፍስም። ላሜራውን ፍቆ ማንሳት ብቻውን እንደማይበቃ ሚሊሜትር ነግረውኛል፤ የብየዳ እሳት ያገኘው ብረት ስርጉዱ ቢመለስለትም እንደ ቀድሞው አይታጠፍም። ስለዚህ ሁለቱን የፊት ብረቶችና የበሩን ምሰሶ አስፈቅጄ በጭነት ልኬያለሁ፤ በሁለት ሳምንት ይደርስዎታል። ደብዳቤውን የሚያመጣልዎ አብሮኝ የሚሠራ ኤሌክትሪሺያን ነው። ብረቱ የት ተቆርጦ የት እንደሚበየድ የሚያሳየውን የፋብሪካውን መመሪያም ይዞልዎታል። ጨዋ ሰው ነው፤ ያልገባዎትን ይጠይቁት፣ መዶሻ ግን አያስይዙት። ሚሊሜትር እነዚህን ብረቶች ከፋብሪካ ውጪ አስተካክሎ የሚገጥም ሰው ማግኘት ከባድ ነው አሉኝ። አባቴ አለ አልኳቸው።

አንድ ወረቀት አብሮ አለ። የእህቴ መኪና ወረቀት ነው፤ መደርደሪያችን ላይ ያለው እርስዎ ያስገቡትን ብረት ስለማያሳይ እኔ በእጄ ሳልኩት። በፎቶው የታየኝን ብረት በቀይ አስምሬበታለሁ። ፎቶው ያላሳየኝ ብዙ ነው፤ ቧንቧው ወደ ጣሪያው ይቀጥል እንደሆነ፣ ከወንበሩ ሥርም ያስገቡት ነገር ካለ አላውቅም። ይህን በዓለም ላይ የሚያውቅ አንድ ሰው እርስዎ ነዎት። ቀይ እርሳሱንም ልኬልዎታለሁ። ምናልባት ብረቱ ሳይወጣ መኪናዋ ለአንድ ቀን እንኳ መንገድ የምትወጣበት ነገር ቢመጣ፣ ያስገቡትን ሁሉ ምልክት አድርገው ወረቀቱን ከፀሐይ መከላከያው ጀርባ ይሰኩት። የሚደርሱላቸው ሰዎች የት መቁረጥ እንደማይችሉ ይወቁ። አሮጌው ወጥቶ አዲሱ ሲገባ ወረቀቱን ቀደው ይጣሉትና ይደውሉልኝ። ስለ ብረት አንነጋገርም። ቀደድኩት ይበሉኝ፤ ይበቃኛል።

እማዬን ሁለት ጉንጯን ይሳሙልኝ፤ ስኳሯን ለክታ ቁጥሩን በወረቀት እየጻፈች ታስቀምጥልኝ፣ በቃል የምትነግረኝን አላምናትም። ቀለም ቀቢያችንን እንዴት ነህ ይበሉልኝ፤ አዲሱ ብረት ሲገባ ቀለሙ ከድሮው ጋር አንድ እንዲሆን ይጠንቀቅ፣ እህቴ ልዩነት ካየች እኔን ለመውቀስ ሰበብ ታገኛለች። ሚጡን አቅፈው ይሳሙልኝ፤ ከኋላ ወንበር ላይ ሆና ቀበቶ እንድትታጠቅ ይቆጧት፣ የእርስዎን ቁጣ ብቻ ነው የምትፈራው። ለእህቴም ሰላምታዬን ያድርሱልኝ። አውቶቡስ ስትጋፋ፣ ዝናብ ሲመታት፣ ሥራ ሲረፍድባት ከእኔ በቀር የምትወቅሰው ሰው አይኖርም፤ በየቀኑ ደውላ ትስደበኝ፣ ድምጿን ልስማ።

የምትወድዎ ልጅዎ

ከፋብሪካው ጀርባ ካለችው ክፍሌ
እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ ጥር ፲፯ ቀን